ያልተጠረጠረውን ተውሳክ በሰፊ የዘረመል ምርመራ መፈለግ፦ ከናሙና እስከ ሪፖርት

በአገራችን ሆዱን የቆረጠው ሰው ሐኪም ቤት ሳይደርስ ምርመራውን ራሱ ጨርሶ ይመጣል። «አሜባዬ ተነሥቶብኝ ነው» ይላል። ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ «ሰገራ» ብሎ ይጽፋል፤ እኛም ከማይክሮስኮፑ ሥር አራት ኒውክለስ ያለው ክብ ነገር ስናይ አሜባ ብለን እንመልሳለን። ሦስታችንም የጠበቅነውን አግኝተን በሰላም እንለያያለን። ያ ክብ ነገር ግን በሽታ አምጪው ኢንታሞይባ ሂስቶሊቲካ ይሁን ጉዳት የማያደርሰው ኢንታሞይባ ዲስፓር፣ በማይክሮስኮፕ አይታወቅም። ለዓይን መንትዮች ናቸው፤ የሚለያቸው ዘረመላቸው ነው። ስንት ሰው ለዲስፓር ሜትሮኒዳዞል እንደዋጠ ቤት ይቁጠረው።

ተቃራኒውም አለ። ወራት ያስቆጠረ ትኩሳት ወይም ማሳከክ ያለበት፣ በደሙ ውስጥ ኢዮሲኖፊል የተባለው ነጭ የደም ሕዋስ ከልክ በላይ የበዛ፣ ሰገራው ተደጋግሞ ቢታይ ምንም ያልተገኘበት ሰው። ሐኪሙ የሚጠረጥረው አልቆበታል። ይህ መመሪያ ለእንዲህ ያለው ታማሚ፣ ለሐኪሙ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ናሙናውን ለሚረከበው የላቦራቶሪ ባለሙያ የተጻፈ ነው። እኔ ጣቴ በጊምሳ ቀለም እየተነከረ ሥራ የጀመርኩ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ዛሬ ውሎዬ ፒሲአር (ዲኤንኤን አባዝቶ የሚመረምር ዘዴ) ክፍል ቢሆንም ማይክሮስኮፕ የሚንቅ ሰው አልወድም፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስንወርድ ይታያል።

ምርመራው እንዴት ይሠራል

የተለመደው ፒሲአር አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፦ «ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ አለ ወይስ የለም?» ያልጠየቅነውን አይመልስም። ሰፊው ምርመራ መነሻ የሚያደርገው 18ኤስ የተባለውን የራይቦሶም ጂን ነው። ይህ ጂን ሕዋሳቸው ኒውክለስ ባለው ፍጥረታት ሁሉ ዘንድ ይገኛል፤ በወባ ተውሳክ፣ በወስፋት፣ በእርሾ፣ በጤፍ፣ በሰው። ከጂኑ ከፊሉ በሁሉም ዘንድ ተመሳሳይ ስለሆነ ፕራይመሩ (ማባዛቱ የሚጀምርበት አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ) እዚያ ላይ ያርፋል። በመካከል ያለው ክፍል ደግሞ ከፍጥረት ፍጥረት ይለያያል። የተባዛው ቁራጭ ቅደም ተከተሉ ተነብቦ እንደ ጂንባንክ ካለ የመረጃ ቋት ጋር ሲነጻጸር የማን እንደሆነ ይታወቃል። የምንፈልገውን ተውሳክ ስም አስቀድመን መጥራት አይጠበቅብንም።

ችግሩ ሰውም የዚሁ ጂን ባለቤት መሆኑ ነው። ከደም በወጣ ዲኤንኤ ውስጥ የተውሳኩን መፈለግ ከአንድ ኩንታል ጤፍ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት እንደ መልቀም ነው፤ አንድ ዘዴ ካልፈጠርን ማሽኑ የታማሚውን የራሱን ጂን ደጋግሞ አንብቦ ያስረክበናል። አንዱ ዘዴ የሰውን ጂን ይዞ እንዳይባዛ የሚያግድ ሰው ሠራሽ ቁራጭ መጨመር ነው። ሌላውን የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ተመራማሪዎች ለደም ናሙና አዳብረውታል። ፒኤስቲ ዋን የተባለ ቆራጭ ኢንዛይም የሰውን ጂን በሁለቱ ፕራይመሮች መካከል ይበጥሰዋል። የወባ፣ የባቤዥያ፣ የትሪፓኖሶማ፣ የሌይሽማኒያና የፊላርያ ትሎች ጂን በዚያ ቦታ መቆረጫ ስለሌለው ሳይነካ ያልፋል። የተበጠሰው አይባዛም፤ ያልተበጠሰው ይባዛል። ከሁለቱ ይህኛው ልቤን ይማርከዋል፤ ቀላል ነው፣ የሚጠይቀውም አንድ ኢንዛይም ነው።

ከዚህም የሰፋ መንገድ አለ፤ ፕራይመር ሳይመርጡ በናሙናው ያለውን ዲኤንኤ በሙሉ ማንበብ። ሜታጂኖሚክስ ይባላል። ውድ ነው፣ ብርቱ ኮምፒውተርና የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል፤ ጥቅሙ ጎልቶ የታየው በአከርካሪ ፈሳሽ ላይ ነው። የሳን ፍራንሲስኮው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ ባላሙቲያ ማንድሪላሪስ የተባለውን አንጎል የሚበላ አሜባ አግኝተዋል፤ ማጅራት ገትራቸው ሥር ከሰደደ ታማሚዎች መካከልም የአሳማ ኮሶ እጭ ዲኤንኤ ለይተዋል።

መቼ ይታዘዝ፣ መቼ ይቅር

በመጀመሪያ ይቅር የምለውን ልናገር። ከወባማ ቦታ የመጣ፣ የሚያቃስትና ራሱን የሳተ ሰው ፊታችሁ ካለ ስለ ሰፊ ምርመራ አታስቡ፤ ስላይዱን አሁኑኑ አንብቡ። ለወስፋትና ለመንጠቆ ትል ካቶ ካትዝ የተባለው የሰገራ የማይክሮስኮፕ ምርመራ በቂ ነው። በጉበት ውስጥ ያለ የሃይዳቲድ (የውሻ ኮሶ እጭ) ከረጢት የሚታወቀው በአልትራሳውንድና በደም ፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ነው፤ ዲኤንኤ ለማግኘት ብሎ ከረጢቱን መውጋት ፈሳሹ ፈስሶ ታማሚውን ለብርቱ የአለርጂ ድንጋጤ ሊዳርገው ይችላል። አንድ ቦታ ተሸሽጎ የሚኖር ተውሳክ ዲኤንኤውን በደም ውስጥ ላይረጭ እንደሚችልም አትርሱ።

ወባን በተመለከተ አንድ ነገር ሊሰመርበት ይገባል። በየጤና ጣቢያው ያለው ፈጣን የወባ ምርመራ ፋልሲፓረምን የሚያውቀው በአብዛኛው ኤችአርፒ2 በተባለ ፕሮቲን ነው። በአገራችን የድንበር አካባቢዎች የዚህን ፕሮቲን ጂን ያጡ የፋልሲፓረም ተውሳኮች መኖራቸው እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት ተረጋግጧል። ስለዚህ «ፈጣኑ ኔጌቲቭ ነው፣ ወባ አይደለም» ብሎ ወደ ውዱ ምርመራ መሮጥ አይገባም፤ መጀመሪያ ወፍራም የደም ስላይድ ይሠራ። ጎበዝ አንባቢ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ 50 ተውሳክ፣ ሲበረታም ከዚያ ያነሰ ያያል። ከዚያ በታች የወረደውን ፒሲአር ያነሣዋል።

ታዲያ መቼ ይታዘዝ? ምክንያቱ ያልታወቀ የኢዮሲኖፊል መብዛት ሲኖር። ሥር የሰደደ ማጅራት ገትር ሆኖ ባክቴሪያውም፣ ፈንገሱም፣ ቲቢውም ሲታጣ። ኤችአይቪ ባለበት፣ ኩላሊት በተተከለለት ወይም ብዙ ስቴሮይድ (የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት) በሚወስድ ሰው ላይ መላ የሌለው ትኩሳት ሲታይ። በባዮፕሲ (ከአካል ተቆርጦ በተወሰደ ናሙና) ላይ የበሽታ ጥናት ባለሙያው «ምን እንደሆነ አላውቀውም» ሲል።

የመጨረሻውን በምሳሌ ላሳይ። በሜደሊን፣ ኮሎምቢያ፣ ኤችአይቪ ያለበት የ41 ዓመት ሰው ሳንባና ንፍፊቱ ውስጥ የካንሰር የሚመስል እብጠት ተገኘ። ሕዋሶቹ እንደ ካንሰር ይባዛሉ፤ መጠናቸው ግን ለሰው ሕዋስ እጅግ ያነሰ ነበር። ናሙናው አሜሪካ ሄዶ ዲኤንኤው ሲመረመር የእብጠቱ ሕዋስ የሰው አልነበረም፤ ሃይሜኖሌፒስ ናና የተባለችው ትንሿ የኮሶ ትል ሕዋስ ነበር። ካንሰሩ የትሏ ነበር። ጉዳዩ በ2015 ታተመ። ይህን ማንም ሐኪም ሊጠረጥረው አይችልም ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የእንቅልፍ በሽታ ከ30 ዓመት ገደማ ዝምታ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2022 በደቡብ ኢትዮጵያ እንደገና ታየ፤ ትሪፓኖሶማ ብሩሲ ሮዴዚየንሴ መሆኑም በፒሲአር ተረጋገጠ። ለአንድ ትውልድ ያልታየን በሽታ ወጣት ሐኪም ከየት አምጥቶ ይጠርጥር?

ውጭ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ ለብቻው የምነግራቸው አለ። ስትሮንጂሎይደስ የተባለው ትል በሰው ሆድ ውስጥ ራሱን እየተካ አሥርተ ዓመታት ይኖራል። በልጅነቱ ባዶ እግሩን ሲሄድ የያዘው ሰው ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ውስጥ ሲያረጅ ትሉም አብሮት ያረጃል። ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ በሽታ ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ በብዛት ሲጀመርለት ትሉ በመላ አካሉ ይሰራጫል፤ ይህም ብዙ ጊዜ ይገድላል። ስለዚህ ስቴሮይድ ሲታዘዝላችሁ ያደጋችሁበትን አገር ለሐኪማችሁ ሳትጠየቁ ንገሩት። ለዚህ ትል የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ አለ፤ የዘረመሉ ምርመራ ከዚያ ጎን ይቆማል።

ናሙና፦ ሥራው የሚበላሸው እዚህ ነው

ውድ ማሽን ስላላቸው የሚመኩ ላቦራቶሪዎች አይቻለሁ፤ ናሙናው ግን በፎርማሊን ተነክሮ ይመጣላቸዋል። ፎርማሊን ለማይክሮስኮፕ ወዳጅ ነው፣ ለዲኤንኤ ጠላት፤ ይቆራርጠዋል፣ ያጣብቀዋል። ባዮፕሲ ሲወሰድ ሐኪሙን ቀድማችሁ አነጋግሩት፤ ቁራጩ ለሁለት ይከፈል፣ ግማሹ ወደ ፎርማሊን፣ ግማሹ ደረቅ ሆኖ ወደ ማቀዝቀዣ። ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ያለችው ነርስ ይህን ካልተነገራት ሁሉንም ወደ ፎርማሊን ትጥለዋለች፤ ጥፋቷ አይደለም፣ ልማዱ ነው።

ሰገራ እንዲህ ይወሰድ። ታማሚው ንጹሕ ኩባያ ውስጥ ይስጥ፤ ሽንትና ውሃ እንዳይነካው። በእንጨት ማንኪያ ከላዩ፣ ከመካከሉና ደም ወይም ንፍጥ ካለበት ከዚያ ቦታ በድምሩ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ይነሣ። ክዳኑ ጠብቆ የሚዘጋ ቱቦ ውስጥ የሰገራውን ሦስት እጥፍ ያህል ኤታኖል ይጨመር። ኤታኖሉ 95 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ ለቁስል መጥረጊያ የሚሸጠው 70 በመቶው ለዚህ ደካማ ነው። ከዚያ ጓሉ ፈርሶ ድፍርስ እስኪሆን ይናጥ። ጓል ሆኖ የቀረ ሰገራ ውስጡ ኤታኖል አይደርሰውም፤ ዲኤንኤው እዚያው ይበሰብሳል። ስሙንና ቁጥሩን በእርሳስ ጻፉ። የብዕርና የማርከር ቀለም አንዲት ጠብታ ኤታኖል ሲነካው ይሟሟል፤ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ናሙና ደግሞ ከመጣል ሌላ ዕጣ የለውም።

ደም ሐምራዊ ክዳን ባለው የኢዲቲኤ ቱቦ ይቀዳ። አረንጓዴው ሄፓሪን ያለበት ነው፤ ሄፓሪን ፒሲአርን ያግዳል። ማቀዝቀዣ በሌለበት የፊልተር ወረቀት ይበቃል፦ ጠብታው ክቡን ይሙላ፣ ወረቀቱ ምንም ነገር ሳይነካው ተንጠልጥሎ ጥላ ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት ይድረቅ። ዝንብ እንዳያርፍበት ጠብቁ፤ ዝንብ ደሙን ይልሳል፣ ከወረቀት ወደ ወረቀትም ያዛውራል። ሲደርቅ አንዱ ከሌላው ሳይነካካ በየራሱ የፕላስቲክ ከረጢት ሲሊካ ጄል ተጨምሮበት ይታሸግ። የሲሊካው ቀለም ከተለወጠ እርጥበት ጠጥቷልና ቀይሩት።

የዝሆኔ በሽታ አምጪ የሆነው የውኬሬሪያ እጭ በአብዛኛው ከጣትና ከክንድ ወደሚቀዳው ደም የሚወጣው በእኩለ ሌሊት አካባቢ ነው። በቀን የተቀዳን ደም የቱንም ያህል በረቀቀ ማሽን ብታነቡት የሌለውን አያመጣም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ይቀዳ።

የአከርካሪ ፈሳሽ ሲቀዳ ከመጀመሪያው ጥቂት ለብቻ ተቀምጦ ወዲያው ይቀዝቅዝ። ሁሉም ምርመራ ካለቀ በኋላ «የተረፈ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ አይተርፍም፣ ቢተርፍም ስንት እጅ ያለፈ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ደግሞ ደጋግሞ ከመቀዝቀዝና ከመሟሟት ኤታኖል ወይም ፊልተር ወረቀት ይሻላል። የትኛውም ናሙና መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ይወሰድ።

ጠረጴዛው ላይ

ሥራው በአንድ አቅጣጫ ይሂድ፦ ድብልቁ የሚዘጋጅበት፣ ናሙናው የሚገባበት፣ የተባዛው የሚከፈትበት ቦታ ይለያይ፤ ካፖርቱም ፒፔቱም እንደዚሁ። ከተባዛበት ክፍል ወደ ንጹሑ ክፍል በዚያው ቀን አይመለሱም። ሰፊ ምርመራ ሁሉን ስለሚያነሣ የትናንቱን ናሙና ትራፊም ያነሣል።

ሰገራን ስታወጡ ከዶቃ ጋር በኃይል አንቀጥቅጡት፤ የወስፋትና የጅራፍ ትል እንቁላል ቅርፊት በኬሚካል ብቻ አይከፈትም። ካላዛር ለሚጠረጠርበት ደም ደግሞ ቱቦውን በሴንትሪፊውጅ አሽከርክራችሁ በፕላዝማውና በቀዩ መካከል ያለውን ስስ ነጭ ንጣፍ ውሰዱ፤ ሌይሽማኒያ የሚኖረው በነጭ የደም ሕዋስ ውስጥ ነው።

የመቆጣጠሪያ ናሙናዎች ነገር ለድርድር አይቀርብም። ምንም ያልተጨመረበት ባዶ ቱቦ ዲኤንኤ ከማውጣቱ ጀምሮ እስከ ንባቡ ድረስ ከታማሚው ናሙና ጋር አብሮ ይጓዝ። የመመርመሪያ ኬሚካሎች ራሳቸው የፈንገስና የሌላም ዲኤንኤ ይዘው ይመጣሉ፤ ያን የሚያጋልጠው ይህ ባዶ ቱቦ ነው። ለአዎንታዊ መቆጣጠሪያ በአካባቢያችሁ የማይገኝ ተውሳክ ወይም ሰው ሠራሽ ቅደም ተከተል ተጠቀሙ። ፋልሲፓረምን መቆጣጠሪያ አድርጎ ፋልሲፓረም ሲወጣ «የታማሚው ነው ወይስ የኛ?» ብሎ መጨነቅ በራስ ላይ ችግር መግዛት ነው። በየናሙናው ውስጥም የታወቀ መጠን ያለው ባዕድ ዲኤንኤ ጨምሩ። እሱ ካልተባዛ ናሙናው ውስጥ የሚያግድ ነገር አለ ማለት ነው፤ አሥር እጥፍ አቅጥናችሁ ድገሙት እንጂ «የለም» ብላችሁ አትመልሱ።

ውጤቱን ማንበብ

ወጣት ባለሙያዎች የሚደነግጡት እዚህ ነው። የሰገራ ናሙና በሰፊው ፕራይመር ሲነበብ የሚወጣው ዝርዝር የምሳ ዕቃ ይመስላል፦ ጤፍ፣ ሽምብራ፣ ጎመን፣ ከጠላና ከእንጀራ የመጣ እርሾ። ሰውየው ክትፎ በልቶ ከሆነ ከብትም አለ፤ በከብት ሥጋ ውስጥ የሚኖረው ሳርኮሲስቲስ ቢከተልም አይድነቃችሁ። በሆድ ዕቃ ውስጥ ያለፈ ሁሉ በሽታ አይደለም። ብላስቶሲስቲስም በጤነኛ ሰው ሆድ ውስጥ የተለመደ ነው፤ መገኘቱ ብቻውን መድኃኒት አያሳዝዝም።

ንባቡ (ማሽኑ ያነበበው የዲኤንኤ ቁራጭ) ከመረጃ ቋቱ ጋር ምን ያህል እንደተመሳሰለ ብቻ ሳይሆን በምን ያህል ርዝመት እንደተመሳሰለም ተመልከቱ። በመረጃ ቋቶች ውስጥ በተውሳክ ስም የተመዘገቡ የሰውና የባክቴሪያ ቅደም ተከተሎች አሉ። በሜታጂኖሚክስ ውስጥ ጥቂት ንባብ ብቻ «ቶክሶፕላዝማ» ብሎ ሲመጣ ንባቡን አንድ በአንድ አውጥታችሁ ከሰው ጂኖም ጋር ካላመሳከራችሁ አትመኑት። ንባቦቹ በተለያዩ የጂኖሙ ክፍሎች ላይ ከተበተኑ እምነቴ ይጨምራል፤ ሁሉም አንዲት ቦታ ላይ ከተከመሩ እጠራጠራለሁ።

18ኤስ የማይለየውንም ዕወቁ። ሌይሽማኒያ መሆኑን ይናገራል፤ ካላዛር የሚያመጣው ዶኖቫኒ ይሁን ቁንጭር የሚያመጣው ኤትዮፒካ ግን አይናገርም፤ ለዚያ አይቲኤስ ዋን የተባለውን ክፍል ማንበብ ያስፈልጋል። ትሪፓኖሶማ ብሩሲ ሲገኝም ሰውን የሚያሳምመው ሮዴዚየንሴ መሆኑ የሚረጋገጠው ኤስአርኤ በተባለው ጂን ነው። የንባብ ብዛት የተውሳክ ብዛት አይደለም፤ የሞተ ተውሳክ ዲኤንኤም ከሕክምና በኋላ ለሳምንታት ሊታይ ይችላል።

አሁን ወደ ማይክሮስኮፑ እንመለስ። ሰፊው ምርመራ ስም ከሰጣችሁ በኋላ የመጀመሪያው ሥራችሁ የድሮውን ስላይድ ከመደርደሪያ አውርዶ እንደገና ማየት ነው። የሚፈልገውን የሚያውቅ ዓይን ቀድሞ ያለፈውን ያያል። የስትሮንጂሎይደስ ዲኤንኤ ከተገኘ ትኩስ ሰገራ አስመጥታችሁ በበርማን ዘዴ (በለብ ባለ ውሃ) እጩን ከሰገራው አስወጡ ወይም በአጋር ላይ አሳድጉ። ከዚያ ለዚያ ተውሳክ ብቻ የተዘጋጀ ፒሲአር፣ ቢቻል በሁለተኛ ናሙና ላይ ይሠራ። ሁለት የተለያዩ መንገዶች አንድ ስም እስኪጠሩ ድረስ ውጤቱ «ጥርጣሬ» ይባላል።

ሪፖርቱን በተመለከተ አጭር ነኝ። ሐኪሙ የንባብ ሠንጠረዥ አይፈልግም። እኔ የምጽፈው እንዲህ ነው፦ «በደም ናሙናው ውስጥ የሌይሽማኒያ ዲኤንኤ ተገኝቷል። በሁለተኛ ፒሲአር ተረጋግጧል። ዝርያው በዚህ ምርመራ አይለይም። ባዶ መቆጣጠሪያው ንጹሕ ነበር።» ያልተገኘ ሲሆን ደግሞ «በዚህ ናሙና ውስጥ አልተገኘም» እላለሁ፤ «ታማሚው ተውሳክ የለበትም» አልልም። ፋልሲፓረም፣ ትሪፓኖሶማ፣ ወይም ስቴሮይድ በሚወስድ ሰው ላይ ስትሮንጂሎይደስ ሲገኝ ወረቀት አልጠብቅም፤ እደውላለሁ። ስትሮንጂሎይደስ ላይ ስደውል አንድ መጠን አልቤንዳዞል እንደማይበቃና የሚመረጠው አይቨርሜክቲን እንደሆነም አስታውሳለሁ፤ ሐኪሙ ቅር ቢለውም።

እንዲህ ያለው ምርመራ በየሆስፒታሉ አይሠራም። እንደ ኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ያሉ ተቋማት የሞለኪውል ላቦራቶሪ አላቸው፤ ናሙና ከመላክ በፊት ደውሎ ምን እንደሚቀበሉና በምን ዓይነት ቱቦ እንደሚፈልጉ መጠየቅ ይቀድማል። ከናሙናው ጋር የታማሚው ታሪክ ይላክ፦ የት ኖረ፣ ምን በላ፣ በየትኛው ወንዝ ታጠበ፣ ምን መድኃኒት ወሰደ። «ትኩሳት» የሚል አንድ ቃል ብቻ የያዘ ወረቀት ግን አትላኩ።

የተረፈውን ዲኤንኤ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ወይም ከዚያ በቀዘቀዘ ቦታ አስቀምጡ፤ ቁጥሩ በክዳኑም በጎኑም ይጻፍ። ሐኪሙ ከሳምንታት በኋላ ደውሎ «እስቲ ለሌላ ነገር ደግሞ እዩልኝ» ማለቱ አይቀርም።